የበረንዳዬ እርግብ ዓመቱን ሙሉ ትጥላለች፣ የአቮካዶዋ ዋኖስ ግን ወቅት ትመርጣለች። ለምን?

የኮቺው_እርግበኛ

ሰላም የመድረኩ ሰዎች። የምኖረው ጅማ፣ ኮቺ ነው። በረንዳዬ ላይ ከጣውላ የሠራሁት የእርግብ ቤት አለ። ያሉኝ ተራ የከተማ እርግቦች ናቸው፤ ግራጫ፣ ነጭ፣ ዥጉርጉር። እነዚህ ወር የሚባል ነገር አያውቁም። ጫጩቶቹ ገና ላባቸው ሳይሞላ እናትየው ሌላ እንቁላል ላይ ተቀምጣ ትገኛለች።

ጓሮ ያለው አቮካዶ ላይ ደግሞ ዋኖሶች አሉ። ትልልቆቹ፣ ማጅራታቸው ላይ ጥቁር ግማሽ ቀለበት ያላቸው። እነሱ ክረምቱን እንደነገሩ ከርመው መስቀል ሲያልፍ ነው ጭራሮ መልቀም የሚጀምሩት። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ዛፉ ጎጆ በጎጆ ይሆናል።

አንድ ግቢ ውስጥ እየኖሩ፣ አንድ ዝናብ እየመታቸው ለምን ይለያያሉ? ብርሃን ነው? ዝናብ ነው? ብርድ ነው? ደግሞ ሌላ ነገር። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የኔዎቹም ይጥላሉ እንጂ ብዙው አይሳካላቸውም። እንቁላሉ ቀዝቅዞ ይገኛል። የሚያውቅ ካለ ያብራራልኝ።

ነጭ_ፈላጊ

ነጭ ጥንድ ካለህ ዋጋ በውስጥ መስመር ላክልኝ ወንድሜ። ስለ ወቅቱ አላውቅም።

ጥላ_ዛፍ

ባዮሎጂ ነው የተማርኩት፣ ወፍ ማየትም እወዳለሁ። ባጭሩ ዋናው ምግብ ነው። ብርሃንም ዝናብም አሉበት። እኛ አገር ግን ከምግቡ ኋላ ነው የሚሰለፉት።

መጀመሪያ እርግብና ዋኖስ ከሌላው ወፍ የሚለዩበትን ልንገርህ። አብዛኞቹ እህል በል ወፎች ራሳቸው እህል ቢለቅሙም ጫጩታቸውን የሚያሳድጉት በትልና በነፍሳት ነው። ጫጩት ፕሮቲን ይፈልጋል፤ ደረቅ እህል ብቻውን አያሳድገውም። ስለዚህ ዝናብ ጥሎ፣ ሣሩ ለምልሞ፣ አባጨጓሬው እስኪበዛ ይጠብቃሉ። በዝናቡ ወራት ቅጠልና ሣር እየበጠሱ ጎጆ ሲሠሩ የምታያቸው ቢጫ ወፎች ያ ሁሉ ጥድፊያቸው ለዚህ ነው።

እርግብ ይህ ወረፋ አይመለከታትም። ጉሮሮዋ ሥር እህል የምታጠራቅምበት ከረጢት አለ። ጫጩት ሊፈለፈል ሁለት ቀን ገደማ ሲቀረው የከረጢቱ ግድግዳ ይወፍርና እየተላጠ እርጎ የመሰለ ነገር ያወጣል። የጉሮሮ ወተት ይሉታል። ፕሮቲንና ስብ የበዛበት ነው። ጫጩቶቹ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ከዚህ ሌላ ነገር አይቀምሱም። ከዚያ በኋላ ነው ወላጆቹ የራሰ እህል እየቀላቀሉ የሚያለማምዷቸው።

ወተቱን የምታወጣው እናት ብቻ አይደለችም። አባትየውም ያመነጫል። ነገሩን የሚያዘው ፕሮላክቲን የሚባለው ሆርሞን ነው፤ በወለደች ሴት ጡት ወተት የሚያመጣው ያው ሆርሞን። እነ ኦስካር ሪድል በፈረንጆቹ 1930ዎቹ ስም ያወጡለትም የእርግብን ጉሮሮ ሲያጠኑ ነው። ከእርግብ ወገን ውጭ ለጫጩቱ እንዲህ ያለ ነገር የሚያመነጭ ወፍ ብዙ የለም። ፍላሚንጎ አንዱ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄህ ልምጣ። ወላጆቹ ደረቅ እህልና ውኃ እስካገኙ ድረስ ወተቱን ራሳቸው ይሠሩታል። ትል ኖረ አልኖረ ጉዳያቸው አይደለም። የአንተዎቹ ምግብ ከእጅህ ያገኛሉ፣ ስለዚህ ለእነሱ ሁሌም የአዝመራ ወር ነው። የአቮካዶዋ ዋኖስ ግን ሜዳ ላይ የወደቀውን ነው የምትለቅመው። ሜዳው ላይ እህልና የአረም ዘር የሚበዛው መቼ ነው? በቆሎው ሲሸለቀቅ፣ ጤፉና ማሽላው ሲወቃ። አንተም ጎጆ የምታየው ያኔ ነው።

ሚኒሶታ_ያለሁ

ጅማ ነው ተወልጄ ያደግኩት፤ አሁን ሚኒሶታ ነኝ። ጥላ_ዛፍ፣ "ዋናው ምግብ ነው" ያልከው እኔ ዘንድ አልሠራም። እዚህ ሰው ሁሉ በረዶ ሲጥል በየግቢው ለወፍ እህል ይሰቅላል። ወደ ደቡብ ሳይሰደዱ የቀሩ ጥቂት ዋኖሶች መጥተው ይጠግባሉ። ግን በጃንዋሪ ጎጆ የሚሠራ አንድም አላየሁም። በኤፕሪል ነው የሚጀምሩት። ስለዚህ ብርሃን ነው ባይ ነኝ። ቀኑ ሲረዝም ሰውነታቸው ይነቃል።

እንደውም ያነበብኩት ይገርማል። ወፎች የቀኑን ርዝመት የሚለኩት በዓይናቸው ብቻ አይደለም። ብርሃኑ በራስ ቅላቸው ዘልቆ አንጎላቸው ውስጥ ያሉ ብርሃን የሚያውቁ ሴሎች ላይ ይደርሳል። ከዚያ ሆርሞኑ ይለቀቅና የወንዱ ፍሬም የሴቷ እንቁላል ማምረቻም ያድጋል። ወቅቱ ሲያልፍ ተመልሶ ይሟሽሻል።

ጥላ_ዛፍ

@ሚኒሶታ_ያለሁ ለሚኒሶታ ያልከው ልክ ነው። ግን ቁጥሩን እየው። አንተ ያለህበት ረጅሙ ቀን ከ15 ሰዓት ተኩል ያልፋል፣ አጭሩ 9 ሰዓት አይሞላም። የ7 ሰዓት ገደማ ልዩነት ነው። ጅማ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 7 ዲግሪ ተኩል አለፍ ብላ ነው ያለችው። እዚህ በሰኔው ረጅም ቀንና በታኅሣሡ አጭር ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ሰው ልብ የሚለውም አይመስለኝም።

"ታዲያ ወፉም አያውቀውም" ማለት ግን አይቻልም። በፈረንጆቹ 1998 የታተመ ጥናት አለ፤ እነ ሚካኤላ ሃው የሠሩት። ፓናማ ጫካ ውስጥ የምትኖር፣ ጉንዳን እየተከተለች የምትለቅም ወፍ አለች። አገሩ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ነው፤ ከእኛ ብዙ አይርቅም። ብርሃኑን በ17 ደቂቃ ብቻ ሲያስረዝሙላት የመራቢያ አካሏ ማደግ ጀመረ። ስለዚህ ትንሿም ልዩነት ለአንዳንድ ወፍ መልእክት ናት።

ልዩነቱ እንዲህ ነው። ያቺ ወፍ ነፍሳት በል ናት። ትሉ የሚበዛበትን ወር አስቀድማ ማወቅ አለባት፣ አለዚያ ጫጩቷ ይራባል። ዋኖስ ግን ይህን ያህል መጨነቅ አይጠበቅባትም። ብዙ ወራት ዝግጁ ሆና ትቆይና እህል ስታይ ትጀምራለች። ዘዴዋ ትንበያ ሳይሆን ፍጥነት ነው። ሁለት እንቁላል፣ ሁለት ሳምንት ገደማ መታቀፍ፣ ከዚያ ሁለት ሦስት ሳምንት ማሳደግ። ካልሆነላት እንደገና ትሞክራለች። የአንተዎቹ የሚኒሶታ ዋኖሶች ዘመዶች ደቡብ አሜሪካ ውስጥ፣ አርጀንቲና ኮርዶባ አካባቢ፣ እርሻው ከተስፋፋ ወዲህ ዓመቱን ሙሉ ይፈለፍላሉ።

ባለወፍጮዋ

እኔ እዚሁ ጅማ፣ መርካቶ አካባቢ ወፍጮ ቤት አለኝ። ሳይንሱን ለእናንተ ትቼ ያየሁትን ልናገር። እኛ ጋ ክረምት ከበጋ እርግብ አይጠፋም። ቆርቆሮው ሥር፣ የመብራት ሳጥኑ ላይ፣ የሚዛን ክፍሉ ጣራ ላይ ሁሉ ጎጆ ነው። የሚፈስ እህል አለ፣ ጆንያ ይቀደዳል፣ ገለባው ውስጥ ፍሬ ይቀራል። እህል ተራም ሂዱ፣ ያው ነው።

ዋኖሶቹ ግን ደፍረው አይገቡም። ጠዋት ሰው ሳይበዛ ደጅ ላይ ለቅመው ይሄዳሉ። ከተማ መሀል ያሉት ዋኖሶችም እንደ እርግቦቹ በክረምት ሲያቅፉ አይቻለሁ፤ እንደ በጋው አይበዙም እንጂ። ስለዚህ የኮቺው ወንድሜ፣ የአንተ ግቢ ዋኖሶች ከወፍጮ ቤት ርቀው ይሆናል።

የኮቺው_እርግበኛ

@ባለወፍጮዋ እውነትሽን ነው እህቴ፣ እኛ ሰፈር ወፍጮ የለም። ይህ ደስ የሚል ነጥብ ነው። ወፏ አንድ ሆና ሰፈሩ ሲለያይ ወቅቷም ይለያያል ማለት ነው?

ጥላ_ዛፍ

አዎ። እንግሊዝ አገር ማንቸስተር አጠገብ፣ ሳልፎርድ የሚባል ወደብ ላይ አር. ኬ. መርተን የሚባል ተመራማሪ የከተማ እርግቦችን አጥንቶ ነበር። እህል ከመርከብ ሲወርድ እየፈሰሰላቸው በዚያ ብርድ እንኳ በዓመቱ ወራት ሁሉ የሚራቡ ነበሩ። ሚኒሶታ ያለው ወዳጃችን ይህችን ልብ ይበልልኝ።

የሰቃው

እኔ ሰቃ ነኝ፣ ገበሬ ቤት ያደግኩ። አቦ ስለ ዝናብ ማንም አላወራም እኮ! የዋኖስ ጎጆ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጎጆ ይባላል? አሥር ሃያ ጭራሮ አጋድማ እዚያ ላይ ትጥላለች። ከሥር ሆናችሁ ቀና ብትሉ እንቁላሉ በቀዳዳው ይታያል። ጅማ ዝናብ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ነው፤ የሐምሌና የነሐሴ ዶፍ ደግሞ ታውቁታላችሁ። አንድ ሌሊት ነፋስ ቀላቅሎ ከጣለ ጎጆውም እንቁላሉም መሬት ነው። ጠዋት ቡናው ሥር ተሰብሮ እናገኘዋለን።

ክረምት ላይ አይጥሉም የሚለውን ለዚህ ነው የማልቀበለው። ይጥላሉ። አይተርፍም እንጂ። ሰው የሚያየው የተረፈውን ነው።

እህሉን በተመለከተ ግን ጥላ_ዛፍ ያለው እኛ ጋ ፍጹም እውነት ነው። ጥር ላይ አውድማ ስትሄዱ መሬቱ ግራጫ ነው በዋኖስ። ሐምሌ ላይ አምና የወደቀው ዘር በቅሏል፣ ዘንድሮ የተዘራው ገና አላፈራም። ለሰውም ለወፍም ጎተራ የሚጎድልበት ወር ነው።

ጥላ_ዛፍ

@የሰቃው ዋናውን ነካኸው። "መቼ ይጥላሉ" እና "መቼ ይሳካላቸዋል" ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ብዙ ሰው ያምታታቸዋል፤ የኮቺው ጥያቄም ውስጥ ሁለቱ ተቀላቅለዋል።

መርተን ሌላ ሥራም አለው፤ እንዲያውም በዚያ ነው ይበልጥ የሚታወቀው። ካምብሪጅ አካባቢ ገጠር ውስጥ ትልልቆቹን የዱር እርግቦች ለዓመታት ተከታተለ። እርግቦቹ ከጸደይ ጀምሮ ይጥላሉ። ብዙ ጫጩት አድጎ የሚወጣው ግን ስንዴና ገብስ በሚደርስበት ከጁላይ እስከ ሴፕቴምበር ነው። በጸደይ የተጣለው እንቁላል አብዛኛው በሌሎች ወፎች ይበላል። ለምን? ያኔ ምግብ ቀጭን ነው። ተራ የደረሰው ወላጅ በጊዜ ጠግቦ አይመለስም። የታቀፈው ይርበዋል፣ ተነስቶ ይሄዳል። ጎጆው ባዶ ይቀራል። ነጭ እንቁላል በዚያ ስስ ጎጆ ላይ ከሩቅ ያበራል። እህሉ ሲደርስ ግን ሁለቱም በቅርብ ለቅመው ይመለሳሉ፣ ጎጆው ላይ ሁሌ አንዱ አለ። እንቁላሉን የሚጠብቀው የወላጁ ሆድ መሙላት ነው ማለት ነው።

ይህንን ወደ ጅማ አምጡት። ሐምሌ ላይ ዋኖሷ እህል ፍለጋ ርቃ ትሄዳለች፤ ሲዘንብ ደግሞ መልቀም አትችልም፣ ተጠልላ ትውላለች። ጎጆው ይቀዘቅዛል፣ ወይ ቁራ ይወስደዋል። የሰቃው ያለው ዶፍ አለበት፣ እኔ ያልኩት ረሃብ አለበት፣ ሁለቱም በአንድ ወር ላይ ይወድቃሉ። ለየትኛው ስንት ድርሻ እንስጠው ቢባል እኔ ለረሃቡ አደላለሁ። ምክንያቱም የባለወፍጮዋ እርግቦች ያው ዝናብ አለባቸው፣ ግን ጣራ ሥር ናቸው፣ እህልም አላቸው።

የሰቃው

ጣራ ሥር ናቸው ካልክ ያው ዝናቡ ነው አሸናፊው ማለት ነዋ 😄

ጥላ_ዛፍ

😄 የኮቺው እርግቦችም ጣራ ሥር ናቸው እኮ። እህልም አላቸው። ግን ነሐሴ ላይ አልሳካላቸው ብሏል። እስቲ እሱን አስረዳኝ።

እማማ_ሄርማታ

ልጆቼ፣ እኔ እርግብ ሳረባ ነው ያረጀሁት፣ ይህን እኔ ልመልስ። እንቁላል ቀዝቅዞ ተገኘ ማለት ሁሉ ጊዜ ተበላሸ ማለት አይደለም። እርግብ መጀመሪያ አንዱን ትጥላለች፣ ሁለተኛውን ከአንድ ቀን ተኩል በላይ ቆይታ ነው። እስከዚያ አጥብቃ አታቅፍም፣ ከላይ ቆም ብላ ነው የምትጠብቀው። እንደዚያ የሆነው ሁለቱ ጫጩቶች ተቀራርበው እንዲፈለፈሉ ነው። ሰው አይቶ "ተወችው" ብሎ ይጥለዋል። ኧረ አትቸኩል።

ደግሞ እናትየው ረፋድ ላይ ከጎጆ ወርዳ ብታያት አትደንግጥ። ከረፋዱ 4 ሰዓት ገደማ እስከ 10 ሰዓት የአባትየው ተራ ነው፣ ሌሊቱን እሷ ናት።

በክረምት የሚጎዳቸው ግን እርጥበት ነው። ጣውላው ውኃ ይጠጣል፣ ኩሱ አይደርቅም፣ እህሉ ይሻግታል። ጫጩት ጉሮሮው ውስጥ ቢጫ አይብ የመሰለ ነገር ካወጣ ያ በሽታ ነው፣ ከወላጅ አፍና ከቆሸሸ መጠጫ የሚተላለፍ። መጠጫውን በየቀኑ ማጠብ ነው። የእንቁላል ቅርፊት ቀጥቅጠህ ስጣቸው፣ አሸዋም አትርሳ። እርግብ ኖራ ግድግዳ ስትለቅም አይተህ አታውቅም? ካልሲየም ፈልጋ ነው። ዓመቱን ሙሉ የምትጥል እናት አጥንቷ ይላሽቃል፣ ቅርፊቱም ይሳሳል። ነሐሴ ላይ ያልተሳካልህ ከመጋቢት ጀምራ ሳታርፍ ስትጥል ቆይታ ደክሟት ይሆናል።

የኮቺው_እርግበኛ

እማማ እግዜር ይስጥልኝ። ጣውላው እውነትም በአንድ በኩል ይረጥባል። ሲያርፉ ማየት ፈልጌ ነበር፣ ግን እንዴት ነው የምታስቆሟቸው? ወንዱን ባወጣስ ሴቷ ብቻዋን ትጥላለች?

ሚኒሶታ_ያለሁ

ይህን እኔ አነበብኩት። ዳንኤል ሌርማን የሚባል አሜሪካዊ ራትገርስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ በዋኖስ ላይ ሠርቷል። ሴቷን ብቻዋን ካስቀመጧት አትጥልም። ወንዱን በመስታወት አሻግራ እያየችው፣ አንገቱን እየሰበረ ሲያንጎራጉርላት ግን ሰውነቷ እንቁላል ማዘጋጀት ይጀምራል። መንካት አያስፈልግም። የወንዱ አኳኋን ራሱ ሆርሞኗን ያንቀሳቅሳል። ጭራሮና ጎጆ ማየቷ ደግሞ ይጨምርበታል።

ከዚህ የባሰ አለ። በ1939 ማቲውስ የሚባል እንግሊዛዊ ብቻዋን ላለች እርግብ የፊት መስታወት አስገባላት። የራሷን መልክ እያየች ጣለች!

ስለዚህ ምግብና ብርሃን ብቻ አይደለም፣ የትዳር ጓደኛም ከ"አካባቢው" ይቆጠራል። በነገራችን ላይ ጥላ_ዛፍ፣ ስለ ብርሃን ያልኩትን አልተውኩም። ሳልፎርድም ቢሆን በብርዱ ወራት የሚራቡት ከሙቀቱ ወራት ያነሱ እንደነበሩ እገምታለሁ።

ጥላ_ዛፍ

ትክክል፣ ብርድ አገር ላይ የከተማ እርግብም በጸደይና በበጋ ነው የሚበዛለት። እዚያ ብርሃኑ በሩን ይከፍታል፣ እህሉ ያስገባል። ጅማ ላይ በሩ ብዙውን ጊዜ ክፍት ነው። ክርክራችን ያለቀ ይመስለኛል።

ነጭ_ፈላጊ

እኔ ያልገባኝ አንድ ነገር። ይህን ያህል የሚፈለፍሉ ከሆነ ለምን አገሩን አይሞሉትም?

የሰቃው

ሸለምጥማጥ፣ ጭልፊት፣ ጦጣ፣ ቁራ፣ ድመት፣ የሰፈር ልጅ ከነወንጭፉ። ይበቃል?

ጥላ_ዛፍ

የሰቃው ዝርዝር ይበቃል 😄 ግን አንድ ነገር ልጨምር፣ ከርዕሱ ጋር ስለሚሄድ። አውሮፓ ውስጥ የምትራባ አንዲት ዋኖስ አለች። እዚያ ብርዱ ሲመጣ ሰሃራን አቋርጣ ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ በሚዘረጋው የሳህል ቀበቶ ትከርማለች። እኛ አገር እህል እየለቀመች ከርማም አትጥልም። ጠግባም ቢሆን የመራቢያ ወሯ አይደለም። ሚኒሶታ፣ ይህችኛዋ ለአንተ ትመሰክራለች።

ይህቺ ዋኖስ ብሪታንያ ውስጥ ከ1970ዎቹ ወዲህ ቁጥሯ ከ90 በመቶ በላይ ወድቋል። አንዱ ዋና ምክንያት እርሻው ንጹህ መሆኑ ነው። ፀረ አረም ተረጭቶ የአረሙ ዘር ጠፋ። ዘር ሲጠፋ በአንድ በጋ ሁለት ሦስት ጊዜ ትፈለፍል የነበረችው አንዴ ወይ ሁለቴ ብቻ ሆነ። እያንዳንዱ ጎጆ ከበፊቱ ባይከፋም የጎጆው ቁጥር አነሰ። የመራቢያ ወቅት ማጠር ብቻውን ዘር ሊጨርስ ይችላል።

የሰሜን አሜሪካዋ መንገደኛ እርግብ ደግሞ የባሰባት ነበረች። በአንድ ጎጆ አንድ እንቁላል ብቻ፣ ያውም የዛፍ ፍሬ በብዛት በወደቀበት ጫካ በመንጋ ሆና። ሰው መንጋውን ጎጆው ላይ እያለ አረደው። የመጨረሻዋ ሴፕቴምበር 1 ቀን 1914 ሲንሲናቲ የእንስሳት ማቆያ ውስጥ ሞተች።

የሰቃው

እኛ ጋም ፀረ አረም በዝቷል። ድሮ በቆሎው መሀል ይበቅል የነበረው ዘር አሁን ያን ያህል አይታይም። ዋኖሱ ይቀንስ አይቀንስ ግን የቆጠረ ሰው ሲያወራ አልሰማሁም። ቡናው ጥላ ሥር ያሉት ትንንሾቹ ነጭ ሆድ ዋኖሶች ደህና ናቸው። እነሱ ከጫካው ወለል ነው የሚለቅሙት፣ ማሳ ላይ አይወጡም። የሾላ ፍሬ የሚበሉት አረንጓዴዎቹም ሌላ ናቸው። የእነሱ ቀን መቁጠሪያ ሾላው ነው እንጂ ጤፉ አይደለም።

የኮቺው_እርግበኛ

በጣም ተማርኩ። እንግዲህ ዘንድሮ ሰኔ ሳይገባ ጣውላውን እቀይራለሁ፣ ወንዶቹን ለብቻ አድርጌ አሳርፋቸዋለሁ። ግራጫዎቹን ግን ወንድና ሴት መለየት አልቻልኩም። ሁለቱም አንድ ናቸው መልካቸው።

እማማ_ሄርማታ

መልኩን ተወው። አንገቱን ነፍቶ እየዞረ የሚያጉረመርመው ብዙውን ጊዜ ወንዱ ነው። እሱም አንዳንዴ ያታልላል፣ ሴት ለሴት ተጣምረው ታገኛለህ። ጎጆው ውስጥ አራት እንቁላል ካየህ ሁለቱም ሴት ናቸው፤ እያንዳንዷ ሁለት ሁለት ጥላ ነው። ያንን አይፈለፈልም ብለህ አንሳው። የቀሩትን ረፋድና ማታ ማን እንደተቀመጠ እያየህ እግራቸው ላይ ክር እሰር፤ ቀዩን ለወንድ አድርገው። ክሩን ግን አታጥብቅ፣ እግር ያብጣል።